ከህብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ የሚገተርን እግር ቤት ውስጥ እንዴት ማላላት ይቻላል

ታናሽ ወንድሜ ከግንባታ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ የማስታምመው እኔ ነኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ተነስቶ በየቀኑ ፊዚዮቴራፒ መመላለስ ስለማይቻል ሥራው በቤተሰብ እጅ ነው።

እግሩ ሲገተር ወይም ሲንቀጠቀጥ ያየ ጠያቂ ሁሉ «ነርቩ ነቃ፣ ሊድን ነው» ይላል። ይህ ግን ከአንጎል የመጣ ትእዛዝ አይደለም። ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር የአንጎል ቁጥጥር ስለተቋረጠበት ለትንሽ ንክኪም በራሱ መልስ ይሰጣል።

መገተሩ ከወትሮው ከበረታ እግሩን ከመንካታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ሕመም የማይሰማው ሰውነት የሚናገረው በዚህ ነው። ከሽንት ጀምሩ፦ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ታጥፎ ወይም ጭን ሥር ገብቶ ይሆን? ከረጢቱ ሞልቷል? ሽንቱ ደፍርሷል፣ ሸትቷል? ቀጥሎ የሆድ ድርቀት፣ ከዚያ የመኝታ ቁስል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ጠቆር፣ ሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ በእጃችሁ ዳስሱ። ካልሲውንም አውልቁ። ወንድሜን አንድ ሰሞን እንቅልፍ የነሳው ወደ ሥጋ የገባ የአውራ ጣት ጥፍር ነበር። የኅዳር ጠዋት ብርድም መገተሩን ያባብሰዋል፤ ጋቢ ደርቡለት እንጂ የሞቀ ውሃ በላስቲክ አታድርጉ፣ ሳይሰማው ይቃጠላል።

ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ በላይ የሆነ ሰው ራሱን ፈልጦት ፊቱ ካላበው፣ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እያሻቀበ ሊሆን ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ካቴተሩን እዩ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የተገተረውን ጡንቻ ማሳሳቡ ላይ ከባዱ ባት ነው። በጀርባው አስተኝታችሁ ጉልበቱን ቀጥ አድርጉ። ተረከዙን በመዳፋችሁ ጨብጡ፤ የውስጥ እግሩ ክንዳችሁ ላይ ይረፍ። ከዚያ ተረከዙን ወደ እናንተ እየሳባችሁ በክንዳችሁ የእግሩን ፊት ወደ እሱ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ጣቶቹን ብቻ መግፋት ባቱን አይስብም፣ የእግሩን መሀል ያጣምማል።

ዋናው ፍጥነቱ ነው። ፈጠን ያለ መሳብ መገተሩን ይቀሰቅሰዋል። ቁርጭምጭሚቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግፊቱን ቀንሱና እስኪረጋ ያዙት። ከተረጋ በኋላ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያህል አቆዩት፣ ጥቂት ጊዜ ድገሙ። ጉልበት አትጠቀሙ፤ ቆሞ የማይሄድ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፣ ይሰበራል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አትሹት፣ አትሳቡት፤ ሐኪም ይየው።

የጭን ጀርባና ብሽሽትም በዚሁ ደንብ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ በሆዱ መተኛት ዳሌውን ያፍታታል።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ባክሎፌን ነው። ከትንሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሦስት ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ያደክማል፣ ያስተኛል፤ ከአረቄና ከጠላ ጋር አይሄድም። በድንገት ማቋረጥ ግን ያንፈራግጣል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ሕይወትም ያሰጋል። የሰፈራችን መድኃኒት ቤቶች «አልቋል» ማለት ስለሚያዘወትሩ፣ በተለይ የበዓል ዋዜማ ላይ ሳትደርሱ መሀል ከተማ ወጥታችሁ ግዙ።

መጠኑ ሲጨመር እግሩ ከሚገባው በላይ ሊላላ ይችላል። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወር የሚደገፈው በዚያው በመገተሩ ከሆነ፣ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።