ሁለተኛ መልእክተኞችን ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለተኛ መልእክተኛ ማለት ከውጭ የመጣን ምልክት ተቀብሎ በሴሉ ውስጥ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ሐዋሳ ውስጥ የጤና ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ደብተሯን ስትገልጥልኝ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን በቀይ እስክሪብቶ ሥላ፣ ቀስቱን የሴሉን ሽፋን አስጥሳ ኒውክሊየስ ድረስ አስገብታዋለች። በየዓመቱ የማየው ስህተት ነው። አድሬናሊን ሴሉ ውስጥ አይገባም። ሽፋኑ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይያያዛል፤ ተቀባዩ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራውን ጂ ፕሮቲን ያነቃል፤ ጂ ፕሮቲኑ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ኢንዛይሙ የሴሉ የኃይል ምንጭ ከሆነው ኤቲፒ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል ይሠራል። መልእክቱን ውስጥ ለውስጥ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ "ሁለተኛ" መባሉም ለዚህ ነው። ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህን የያዘ ተማሪ ደግሞ ሆርሞን ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ይጽፋል። አይደለም። ኮርቲሶል ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ሽፋኑን አልፎ ይገባል።

ካልሲየምም ሁለተኛ መልእክተኛ ነው፤ ግን "ካልሲየም ይመረታል" ብላችሁ አትጻፉ። በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከሴሉ ውጭ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለው የሴሉ የውስጥ ከረጢት ግን በብዛት ተከማችቷል፤ አይፒ3 የተባለው ሌላ ሁለተኛ መልእክተኛ በሩን ሲከፍትለት ይፈስሳል።

ቡና የሚያነቃን ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ ነው የሚል መልስም ደጋግሜ አርሜያለሁ። ካፌይን አፍራሹን ኢንዛይም፣ ፎስፎዳይኤስተሬዝን፣ ማገዱ እውነት ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው መጠን ግን ከምንጠጣው እጅግ ይበልጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን የምንነቃው እንቅልፍ የሚያመጣው ሞለኪውል አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ካፌይን ቀድሞ ስለሚይዝ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማጥፊያውን መርሳት ነው። ተማሪዎቼ መልእክቱ እንዴት እንደሚነሳ አሳምረው ያወራሉ፤ እንዴት እንደሚቆም ስጠይቃቸው ዝም። ጂ ፕሮቲኑ ሲነቃ የያዘውን ጂቲፒ የተባለ ሞለኪውል ራሱ ሰንጥቆ ካልጠፋ፣ ፎስፎዳይኤስተሬዝም ሳይክሊክ ኤኤምፒውን ካላፈረሰ ምልክቱ ማቆሚያ የለውም። ኮሌራን አስቡ። የባክቴሪያው መርዝ በአንጀት ሴል ውስጥ ጂ ፕሮቲኑ እንዳይጠፋ አድርጎ ይቆልፈዋል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጥለቀለቃል፤ ክሎራይድ ወደ አንጀት ይወጣል፤ ሶዲየምና ውኃ ይከተሉታል። በጠና የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ የሚያስገባው በር ግን በመርዙ አይነካም፤ ኦአርኤስ ውስጥ ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡትም ስለዚህ ነው። ተማሪዬ ይህን ስነግራት ቀይ ቀስቷን ሰርዛ ሽፋኑ ላይ አስቆመችው፤ ከሳይክሊክ ኤኤምፒው ጎን ደግሞ በሰማያዊ ፎስፎዳይኤስተሬዝን ጨመረች።