ሰሊጤን ከቅንጨ አረም እንዴት አተረፍኩት

ቆቦ ሜዳ ላይ ሰሊጥ የሚዘራ ሰው ቅንጨ አረምን አያጣውም። አምና ከጤፉ የተረፈኝን ቱ ፎር ዲ የሚባል የአረም መድኃኒት ሰሊጡ ላይ ረጨሁት። ቅንጨው ሲጠወልግ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሰሊጡም አብሮ ተጠማዘዘ።

ጎረቤቴን «አያ፣ ምን ነካብኝ?» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ሰሊጥ ጤፍ መሰለህ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ነው። ጤፍ የሣር ወገን ስለሆነ ያልፈዋል፤ ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ ግን አያልፋቸውም። መርጫው ውስጥ የሚቀረው ቅሪት እንኳ ይጎዳቸዋል፤ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት።

ዘንድሮ አልቸኮልኩም። መሬቱን አለስልሼ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አረሙን እስኪያበቅለው ጠበቅሁ። ሜዳው አረንጓዴ ሲለብስ መልሼ ገለበጥኩት። በሬ ያጣ ሰው እዚህ ላይ ግላይፎሴት የሚባለውን የአረም መድኃኒት ሊረጭ ይችላል፤ ሰሊጡ ከበቀለ በኋላ ግን አይሞከርም፣ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ይፈጃል።

ብተናውንም ተውኩት። በመስመር፣ በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር ትቼ ዘራሁ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቀልኩት፤ አፈሩንም ስስ አድርጌ ነው ያለበስኩት። ሰሊጥ ሲበቅል ዘገምተኛ ነው፤ አረሙ የሚቀድመው ያኔ ነው። ስለዚህ በ3ኛው ሳምንት ኮተኮትኩ፣ የተጨናነቀውንም አሳሳሁ። በመስመር መሃል ቡቃያ ሳይረግጡ መሥራት እንዴት ደስ ይላል! ሁለተኛው አረማ ግማሽ ቀን አልፈጀም። የቀረውን ቅንጨ ሳያብብ በጓንት ነቀልኩት፤ ባዶ እጅ ያሳክካል።