በቤተ መጻሕፍት ፖድካስት ለምትጀምሩ፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በየካ አባዶ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየሠራችሁ ፖድካስት ልትሞክሩ ካሰባችሁ በንባብ አዳራሹ አትቅረጹ። አንባቢ ሲወጣ አዳራሹ ጭር ስለሚል የተመቸ ይመስላል፤ አይደለም። ሴራሚኩ ወለል፣ የብሎኬቱ ግድግዳና ሰፊው መስታወት ድምፅን መልሰው ይወረውሩታል። አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል፤ አድማጭም ጉድጓድ ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ይመስለዋል። የጄኔሬተር ጉርምርምታን በኋላ በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል፤ የሚያስተጋባ ድምፅን ማጥራት ግን እጅግ ከባድ ነው፤ ማሚቶው የራሳችሁ ድምፅ ስለሆነ ከንግግሩ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ጥፋቱን በማይኩ ያሳብብና ውድ ኮንደንሰር ማይክ (ረቂቅ ድምፅን ሳይቀር የሚይዝ ማይክ) ይገዛል። እሱ ደግሞ የክፍሉን ማሚቶ ይበልጥ አጥርቶ ይይዛል። እባካችሁ ገንዘባችሁን ያዙ!

መፍትሔው እጃችሁ ላይ ነው። መጻሕፍት በሞሉባቸው ሁለት መደርደሪያዎች መካከል ተቀመጡ፤ ወረቀት ድምፅ ይውጣል፣ ወጣ ገባ ያለው የመጻሕፍቱ ጀርባም ይበትነዋል። ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ከተናጋሪው ጀርባም ጋቢ ስቀሉ፤ ወደ አፍ የዞረ ማይክ የሚያየው ከተናጋሪው ኋላ ያለውን ግድግዳ ነውና። ከዚያ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚጎተት ድምፅ ከተሰማችሁ ሌላ ጋቢ ጨምሩ።

ሁለተኛው ጥፋት አንድ ስልክ ጠረጴዛ መሃል አስቀምጦ ለሁለት ማውራት ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማሚቶ ግን እንዳለ ይቆያል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ “ፐ” እና “ፈ” ስትሉ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። እንግዳ ካላችሁ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ስልክ ያዙ። ሁለቱም መቅረጽ ሲጀምሩ አንዴ አጨብጭቡና በኋላ ሁለቱን ፋይሎች በጭብጨባው አጋጥሟቸው። ቀረጻው ረጅም ከሆነ መጨረሻው ላይም አጨብጭቡ፤ የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ቀስ በቀስ ይለያያል።

በመቅረጫው መለኪያ ላይ የድምፁ ጫፍ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ባለው መካከል ይዋል። 0 ከነካ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም አይመለስም። ልኩን የምትሞክሩት በሹክሹክታ ሳይሆን እየሳቃችሁ ይሁን፤ እንግዳ ሲሞቀው ድምፁ ይጨምራል።

በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀረጻ አትያዙ። የብሎኬት ማምረቻው፣ የብረት መቁረጫው፣ የጎረቤት ሙቀጫ፣ አዛኑና ቅዳሴው ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ሰዓታቸውን አጥንታችሁ በመካከል ግቡ። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትር እንደሚገፋም አስቡ። ከንግግሩ በፊት 10 ሰከንድ ዝም ብላችሁ ቅረጹ፤ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ጫጫታውን የሚለየው ከዚያች ዝምታ ነው። የጫጫታ ቅነሳውን ከ12 ዴሲቤል በላይ ካደረጋችሁት ድምፁ ውኃ ውስጥ ያለ ያህል ሊሆን ይችላል።

መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ያልተቀመጠ ቀረጻ ይዞ ይጠፋል። ባትሪው በሞላ ስልክ ቅረጹ፣ ኤርፕሌን ሞድም አብሩ።

ጽሑፍ ማንበብ ሌላው ችግር ነው፣ የቤተ መጻሕፍት ሰው ደግሞ ይወደዋል። “ይህ መጽሐፍ በስምንት ምዕራፎች የተከፋፈለ ሲሆን…” ብላችሁ ጀምራችሁ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ እስክትደርሱ አድማጭ ባለቤቱን ረስቶታል። ዓይን ተመልሶ ያነባል፤ ጆሮ አይመለስም። አምስት ነጥብ በቁራጭ ወረቀት ጻፉና አንባቢ ጠረጴዛችሁ ጋ መጥቶ ሲጠይቃችሁ በምትመልሱበት አነጋገር ተናገሩ። ለዚያ አነጋገር ከእናንተ የተሻለ ሰው የለም።

መጽሐፉ መደርደሪያችሁ ላይ መኖሩ በድምፅ የማሰራጨት መብት አይሰጣችሁም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን ርዕስ ጠርታችሁ አጭር ጥቅስ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ሙሉ ምዕራፍ ለማንበብ ግን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የጥንት መጽሐፍ ቢሆንም አዲስ ትርጉሙ የተርጓሚው ነው። ለመግቢያ የምትጠቀሙበት ዘፈንም ፈቃድ ይፈልጋል።

ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ በቀረጻው ላይ በፍጹም አታንሱ።

ቀረጻውን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ወደ ኮምፒውተር አትላኩ፤ ይታመቃል። በገመድ ገልብጡት፣ ወይም እንደ ፋይል ላኩት። ሲያልቅ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በ64 ኪሎቢት በሰከንድ ኤምፒስሪ አውጡት፤ 20 ደቂቃው 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በስቴሪዮ (በሁለት መስመር) 128 ብታደርጉት ንግግሩ ላይ የረባ ለውጥ ሳይኖር የአድማጩን ዳታ እጥፍ ይበላል። የድምፁን አማካይ መጠን ለሞኖ -19 ሉፍስ (ጆሮ የሚሰማውን የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ላይ አድርጉ። ዋናውን ዌቭ (ያልታመቀ) ፋይል አትሰርዙ፤ ኤምፒስሪ እንደገና በታረመ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። በ44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት ሞኖ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ አንድ ፍላሽና አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ በዓመት፣ በወርና በክፍል ቁጥር ሰይሙት፤ እንግዳው ድምፁ እንዲሰራጭ የፈረመበትን ፈቃድም ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱ።