ቁልቢ ከመሄዳችሁ በፊት ከተኳረፋችሁት ሰው ጋር ታረቁ

አንድ ዓመት ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩትን ጥላ በኅዳር ገዝቼ ቤት አስቀመጥኩ። የንስሐ አባቴ ስለ ታናሽ ወንድሜ ጠየቁኝ። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት አልፎናል። «ጥላው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሳቢያን ሰፈር ወንድምሽ ጋ ሂጂ» አሉኝ።

ማቴዎስ 5፥23ን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ይላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው እኔ በእሱ ላይ ያለኝን ነበር። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የእሱን ቅሬታ እሱ በሚናገርበት አፍ ጻፉት። የእኔ አንድ መስመር ነው፦ «የእናታችንን ቤት ኪራይ ብቻዋን በላች።» ጽፌ ሳየው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለተዝካር አወጣሁት እላለሁ እንጂ ሒሳቡን አሳይቼው አላውቅም።

ዕዳ ካለባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። እኔ ደብተሬንና ድርሻውን በፖስታ ያዝኩ።

መጀመሪያ ያለ ሽማግሌ ሂዱ። ሰው ሲሰማ ሁላችንም ክብራችንን እንጠብቃለን። ማቴዎስ 18ም «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ብሎ ይጀምራል፤ አንድ ሁለት ሰው የሚጨመረው አልሰማ ሲል ነው። ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ግን በፍጹም ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ይቅር ማለት እዚያ ቤት ተመልሶ መግባት ማለትም አይደለም።

በቀን ሙቀት አትሂዱ። እኔ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሽርጡን እንደታጠቀ በር ከፈተ። «ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» «አንቺ» የምንል ሰዎች ነን። ያ አንቱታ ከስድብ በላይ አመመኝ። ዋጥ አደረግኩት። «ኪራዩን ሳልነግርህ በልቻለሁ። አጥፍቻለሁ» ብዬ ፖስታውን ሰጠሁት። እዚህ ላይ «ግን» እንዳትሉ። «ግን አንተም እኮ» ካላችሁ ጠቡ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፖስታውን ተቀበለኝና በሩን ዘጋ። ይሄም ያጋጥማል። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ይላል፤ የእሱን ድርሻ ለእሱ ተዉለት። አትነዝንዙት፣ ዘመድ አታስልኩበት። እኔ ጸለይኩ፣ ጠበቅኩ።

ታኅሣሥ 17 ማታ ስልኬ ጮኸ።

«አንቺ፣ ቁልቢ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለኝ።