«ጨበጠ»ን በቦታው እንዴት እንጠቀማለን?

«ያዘ» ለሁሉም ይሆናል። ታክሲ ይያዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ጉንፋን ይይዘናል፣ ዝናብም መንገድ ላይ ይይዘናል። «ጨበጠ» ግን መራጭ ነው። ያልሆነ ቦታ ላይ ሲገባ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆቻቸው አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች «ያዘውና ጨበጠው ምን ለያቸው?» ሲባሉ መልሱ አፋቸው ላይ ቀርቶ ያስቸግራቸዋል። ደረጃ በደረጃ እንየው።

1. መጀመሪያ ጣቶቹን ተመልከቱ

ጣት ካልታጠፈ «ጨበጠ» የለም። ዱላ፣ የመኪና መሪ፣ ማይክ፣ አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን የምንደገፈው ብረት ሁሉም ይጨበጣሉ። ጣት ይዞራቸዋል። ትሪ ግን ይያዛል እንጂ አይጨበጥም። ሕፃን ይታቀፋል። ቆሎ ደግሞ ይዘገናል። ከንቱ ልፋትን «ጉም መዝገን» የምንለው እጅ ገብቶ ባዶውን ስለሚወጣ ነው። ከዘገናችሁ በኋላ ጣታችሁን ከዘጋችሁ፣ ውስጥ የቀረው «አንድ ጭብጥ ቆሎ» ይባላል። መዳፍ ሳይዘጋ እንደ ጎድጓዳ ሆኖ የሚይዘው እፍኝ ነው፤ ከጭብጥ ይበልጣል። ልጅ ቆሎ ሲሰጠው እፍኝ እንጂ ጭብጥ የማይወደው ወዶ አይደለም።

2. ጥንካሬውን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። «ጨበጠ» ብቻውን ምን ያህል እንደጠበቀ አይናገርም። አማርኛ ለዚህ ሌላ መላ አለው፤ ግሱን ትንሽ ቀይሮ «አደረገ»ን ያስከትላል።

«ጨበጥ አደረገው» ካላችሁ ለስለስ ያለ ነው፤ ነካ አድርጎ እንደመልቀቅ። «ጭብጥ አደረገው» ካላችሁ ግን ጣቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ሕጉ ለሌሎች ግሶችም ይሠራል። በሩን «ከፈት አድርጎ» ያየ ሰው በቀዳዳ አየ፤ «ክፍት አድርጎ» የገባ ግን ወለል አድርጎታል።

ሱቅ የተላከ ልጅ አስቡ። እናቱ ብሩን መዳፉ ላይ አድርጋ «አጥብቀህ ያዝ!» ትለዋለች። እሱም ጭብጥ አድርጎ ይሮጣል። ባለሱቁ ጋ ደርሶ እጁን ሲከፍት ብሯ በላብ ርሳ፣ ተጨማድዳ ትወጣለች። እዚህች ላይ ሁለት ግሶች ተገናኙ። እጁ ብሯን ጨበጠ፤ ብሯ ግን ተጨመደደች።

«ጨመደደ» ጉልበት አለበት፣ ብዙ ጊዜም ንዴት ወይም ፍርሃት። ዘበኛ የሌባውን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል። ውሻ ያየች ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ትይዛለች። ስለዚህ እንግዳ ስለመቀበላችሁ ስትጽፉ «እጃቸውን ጨምድጄ ያዝኳቸው» እንዳትሉ፤ ሰውየው ተይዘው ጣቢያ የሄዱ ይመስላል።

ከተጠራጠራችሁ «አጥብቆ ያዘ» በሉ። የትም አያሳፍርም።

3. ቅጥያውን ለሰውየው ስጡ

«እጇን ጨበጥኩት» እና «እጇን ጨበጥኳት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እጇን እንደ ዕቃ ቆጥሮታል። የሰው አካል ሲነካ፣ የተነካው ባለቤቱ ነው፤ የግሱ ጫፍም ወደ እሱ ይሄዳል። ስለዚህ «እጄን ጨበጠኝ»፣ «እጃቸውን ጨበጥኳቸው» ነው የሚባለው። ታላቅ ሰው ሲጨብጡ ግራ እጅን የቀኝ ክንድ ላይ ደገፍ ማድረግ አለ። ማዕድ ላይ ሆኖ እጁ ወጥ የነካ ሰው ደግሞ አንጓውን ይዘረጋል፤ የተያዘው አንጓ ቢሆንም «ጨበጥኩት» ነው የምንለው።

4. ሁለት ሰው ሲሆን

«ተጨባበጡ» ሰላምታ ነው፣ ወይም ስምምነት። «እጅ ለእጅ ተያያዙ» ካላችሁ ግን ሳይለቃቀቁ አብረው እየሄዱ ነው። «ተጨባብጠው ሄዱ» ሲባል ተሰነባብተዋል፤ «ተያይዘው ሄዱ» ሲባል አብረው ናቸው። ዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ እሰማለሁ።

5. እጅ የማይገባበት ነገር ላይ

ሥልጣን ይጨበጣል፣ ገንዘብም ይጨበጣል። «ዘንድሮ ብር ጨብጧል» የሚባለው ሰው ጣቱ ዝግ ባይሆንም ኪሱ ሞልቷል። «ያልተጨበጠ ወሬ» ማረጋገጫ የሌለው ነው። «የማይጨበጥ ሰው» ዛሬ ያለውን ነገ የሚክድ፣ በቃሉ የማይገኝ ነው። «ተጨባጭ ማስረጃ»ም ከዚሁ ቤት ነው።

ፍርድ ቤት የሄደ ሰው «ጭብጥ» ሲባል ሰምቷል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚለው፣ ከሳሽ «ነው» ያለውን ተከሳሽ «አይደለም» ሲል ጭብጥ ይፈጠራል። ዳኛው «ጭብጥ ይይዛል»፣ ማለትም የሚከራከሩበትን ነጥብ ለይቶ ያስቀምጣል። የድርሰት «ጭብጥ»ም ተራኪው ሌላ ሌላውን ሲለቅ እጁ ላይ የሚቀረው ነገር ነው።

አንድ የምጠላው አጠቃቀም አለ፤ «ግንዛቤ ማስጨበጫ»። ስህተት አይደለም። ግን ሰው ሰብስቦ ወረቀት ማንበብ ሁሉ ማስጨበጫ ከተባለ፣ ማን ምን ጨብጦ እንደወጣ አይታወቅም። «ስለ ክትባቱ ነገርናቸው» ማለት ከተቻለ ይበቃል።

6. ጭራሽ አልለቅም ካለ

ይሄኔ «ሙጥኝ አለ» ይገባል። እጅም ላይኖርበት ይችላል። ድሮ የሚፈለግ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሙጥኝ ይል ነበር፤ የአክሱም ጽዮን ቅጥር ግቢ እንዲህ ያለ መጠጊያ ነበር። ዛሬ ቃሉ ወደ ወንበር ዞሯል፤ «ሥልጣን ላይ ሙጥኝ አለ» ይባላል። የሚረባው ደግሞ «አለ» ነው፦ ሙጥኝ አልኩ፣ ሙጥኝ ብላለች፣ ሙጥኝ ይላሉ። «ሙጥኝ አደረገ» አይባልም። ፈልጎ ሳይሆን መልቀቅ ስለማያዋጣው ለያዘ ሰው ደግሞ ተረቱ አለ፦ የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም።

7. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ጨብጥ!» ብላችሁ ስታዙ «ብ» ይጠብቃል። ሲላላ ግን በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው በሽታ ስም ይሆናል። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወቂያ ወይም መመሪያ ላይ «መሪውን ጨብጥ» ከማለት «መሪውን አጥብቀህ ያዝ» ይሻላል። «ጨብጪ» ከሆነ ግን ችግር የለውም።