ራም ከተጨመረ በኋላ ኮምፒውተር ሲያስቸግር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያረጀ ኮምፒውተርን ለማፍጠን ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ) ከመጨመር የረከሰ ዘዴ ብዙም የለም፤ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና መኖሪያ ቤቶችም ይህ ጥገና የተለመደ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አዲሱ ራም ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ሥራ መካከል ደርቆ ይቀራል፣ ራሱን በራሱ ሪስታርት ያደርጋል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ጉዳዩን የሚያወሳስቡት በዚህ ጊዜ በችኮላ የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው።

ከሁሉ የበዛው ስህተት ዊንዶውሱን ፎርማት ማድረግ ነው። ትናንት ያለ እንከን ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ራም በተጨመረበት ዕለት መውደቅ ከጀመረ፣ የተለወጠው ሃርድዌሩ እንጂ ዊንዶውሱ አይደለም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን እያንዳንዱ ፋይል በራሙ በኩል አልፎ ዲስክ ላይ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ራሙ ጉድለት ካለበት አዲሱም ዊንዶውስ ገና ከጅምሩ የተበላሹ ፋይሎችን ይዞ ሊጫን ይችላል። ከዚያ በኋላ ራሙ ቢወጣ እንኳ ችግሩ አይለቅም፤ ጠጋኙም «እንግዲያው ጥፋቱ የራሙ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይዞራል። በዚሁ ምክንያት፣ የተማሪዎች ውጤት ወይም የደንበኞች ሰነድ ያለበት ኮምፒውተር ሲያስቸግር አዲሱ ራም እንደተሰካ ፋይል ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ መጣደፍ አይገባም፤ ቅጂው ራሱ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላልና። አስቀድሞ አዲሱን ራም ማውጣት፣ ኮምፒውተሩን በነባሩ ራም ብቻ አስነሥቶ እንደ ወትሮው ማሠራት ይገባል። በነባሩ ራም በሰላም ከሠራ ምርመራው ወደ አዲሱ ራም ወይም ወደ ተሰካበት ስሎት (መሰኪያ ቦታ) ይጠባል። አሁንም ከወደቀ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት የላላ ገመድ ወይም በደንብ ያልተመለሰ ነገር መኖሩ መታየት አለበት።

«ስሎቱ ውስጥ ልክ ስለገባ ይስማማል» ብሎ ማመን ሌላው ስህተት ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የተባሉት የራም ትውልዶች ጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ እዚህ ላይ መሳሳት የሚቻለው በጉልበት ለማስገባት ለሚሞክር ሰው ብቻ ነው። አሳሳቹ ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ናቸው። ሁለቱ በቁርጥም ሆነ በመጠን አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት ነው የሚፈልገው። ልዩነቱን የሚናገረው ራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፦ በአንደኛው ላይ «ፒሲ3-12800»፣ በሌላው ላይ «ፒሲ3ኤል-12800» የሚል ተጽፎ ይገኛል፤ ያቺ አንዲት «ኤል» ካልታየች ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ኢንቴል አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ባለ 1.35ቱን ብቻ ስለሆነ፣ ባለ 1.5 ቮልቱ ሲሰካባቸው ወይ ጨርሶ አይነሡም፣ ወይ ተነሥተው በየመሐሉ ይወድቃሉ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የነባሩን ራም ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቢሄድ ለመቀየር ሌላ ቀን ከመመላለስ ይድናል። ከሰርቨር የወጡ ሬጂስተርድ ራሞች ደግሞ በርካሽ ቢገኙም ለተራ ዴስክቶፕ አይሆኑም።

የተለያየ ፍጥነት ያላቸውን ራሞች መቀላቀል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ 2400 እና 3200 አብረው ቢሰኩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በ2400 ይሠራሉ። ጥፋቱ ከቅልቅሉ በኋላ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለውን የፍጥነት ማስተካከያ እንደበራ መተው ነው። እያንዳንዱ ራም ለብቻው ደኅና ሆኖ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ኮምፒውተሩ የሚወድቅ ከሆነ፣ ይህን ማስተካከያ አጥፍቶ መሞከር አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይቀድማል።

ኮምፒውተሩ «ጠፍቷል» ብሎ ክዳኑን መክፈትም ይጎዳል። በቅርብ ዓመታት ዊንዶውሶች ሻት ዳውን ሲባሉ ከፊል ሁኔታቸውን ዲስክ ላይ አስቀምጠው ስለሚዘጉ፣ ሃርድዌሩ ተለውጦ ሲነሡ ሊደናገሩ ይችላሉ። የሺፍትን ቁልፍ ተጭኖ ሻት ዳውን ማለት ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። ከዚያ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪውን ማውጣት ወይም ገመዱን መንቀል፣ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ ቀሪውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት ያስፈልጋል።

በአካባቢያችን በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው የሰውነት ኤሌክትሪክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት፤ በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ ነው፣ ሰዉም ሱፍ ይለብሳል፣ ወለሉም ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ደረቅ አየር ላይ ሱፍ ሲፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ሹራብ ሲወልቅ «ጣጣ» ሲል የምንሰማው ነው፤ ሰው ሳይሰማው የሚያልፈው መጠን እንኳ ራም ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም የሚከፋው ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ መቻሉ ነው፤ ራሙ ለሳምንታት ሠርቶ በኋላ መሳት ይጀምራል። ሹራቡን ወይም ጋቢውን ማውለቅ፣ ከምንጣፍ ላይ መነሣት፣ ያልተቀባ ብረት መንካትና ራሙን በጠርዙ መያዝ በቂ ጥንቃቄ ነው።

የላላ አሰካክም ብዙ ሰው ያታልላል። የላፕቶፕ ራም ዘንበል ብሎ ገብቶ ወደ ታች ሲጫኑት የሁለቱም ጎን ማያዣዎች «ቀጭ» ማለት አለባቸው፤ ወርቃማዎቹ ጥርሶች ከስሎቱ ውጭ በግልጽ የሚታዩ ከሆነ ወይም በአንድ ወገን ከፍ ያሉ ከሆነ አልገባም። ጥርሶቹን በላጲስ በቀስታ ጠርጎ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ እኔም አልቃወመውም። በአፍ መንፋት ግን ምራቅና እርጥበት ስለሚያስገባ ሊቀር ይገባል።

ምርመራን በተመለከተ፣ ሁለቱን ራሞች አንድ ላይ ሰክቶ መፈተሽ ስህተት መኖሩን እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም። አንዱን ራም ብቻ በአንድ ስሎት ሰክቶ፣ ሜምቴስት86+ የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥቶ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪጨርስ መተው፣ ከዚያ በዚያው ስሎት ሌላውን፣ ቀጥሎም ሁለቱን በየተራ በሌላው ስሎት መሞከር ይገባል። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው፤ በየትኛውም ራም በአንድ ስሎት ላይ ብቻ ከታየ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ነው። «ከሺህ አንድ ስህተት ምን ያደርጋል» የሚል አነጋገር እዚህ ቦታ የለውም፤ አንድ ስህተት ቢወጣም ራሙ መቀየር አለበት። ፍተሻው ሰዓታት ስለሚፈጅ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ዴስክቶፕ ላይ መጀመር ድካም ነው።

ባዮስን ማሻሻል አንዳንድ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል፤ ሆኖም በመጀመሪያ ሊሞከር አይገባም። ባዮሱ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ከነአካቴው ላይነሣ ይችላል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ ዕቃ) የሌለው ዴስክቶፕ ባለቤት ይህን ባይነካው ይሻላል፣ ላፕቶፕም ቢሆን ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ላይ መሆን አለበት። ባዮሱን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ቅንብሩ መመለስ ግን ይህን ያህል አያሰጋም፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል።

ዲዲአር5 የሚጠቀም አዲስ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ፣ ራም ከተለወጠ በኋላ በመጀመሪያው ማስነሻ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ኮምፒውተሩ ራሙን እየለካ ነውና በዚያ መሐል ማጥፋት አይገባም።

ራሙ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ወደ ሻጩ ሲመለሱ የሜምቴስቱን ቀይ የስህተት ስክሪን ፎቶ፣ ደረሰኙንና የሚቻል ከሆነ ኮምፒውተሩን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ተተኪው ራም እዚያው ተሰክቶ ዊንዶውሱ ሲነሣ መጠኑ በትክክል መታየቱን አረጋግጠው ይውጡ፤ ሙሉውን ፍተሻ ቤት ከደረሱ በኋላ ያድርጉት፤ የመቀየሪያው ቀነ ገደብ ስንት ቀን እንደሆነም ከመውጣትዎ በፊት ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።