የጀልባ ጭስ ማውጫ አፍ፦ ፍሳሹን ፈልጎ ማግኘትና ማሸግ

ጀልባው ውስጥ ውሃ ሲጠራቀምና ጥርጣሬው የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ሲያርፍ ብዙ ሰው ሲሊኮን ያነሳና ከውጭ ዙሪያውን ይለቀልቀዋል። ፋይዳ የለውም። ውሃው የሚያልፍበት ክፍተት እንዳለ ይቆያል፤ ሲሊኮን የነካው ፋይበርግላስ ደግሞ በኋላ ትክክለኛው ማሸጊያ ሲመጣ አይዝም። መጀመሪያ የሚያፈሰው ቦታ በትክክል ይታወቅ።

ሞተሩ ከውስጥ በሆነ ጀልባ፣ ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ ጭሱ ላይ ይረጭና ሁለቱ በጎማ ቱቦ አልፈው ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) በኋላ ባለው አፍ አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ውሃ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያስገባል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላል። የጋዝ ማንቂያ ደወል የሌለው ጀልባ ይህን ጥገና ባያስፈልገውም ደወሉ ያስፈልገዋል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። መጋጠሚያዎቹን ያድርቁ፣ ሥራቸው ደረቅ ወረቀት ያንጥፉ፣ ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ሞተሩን ለ10 ደቂቃ ያሠሩ። አፉ ከውሃው ወለል በላይ ከሆነና ወረቀቱ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከረጠበ፣ ቱቦውን ወይም ፋሸታውን (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት) ይጠርጥሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ማዕበል ሲመታው የሚረጥብ ከሆነ ግን ችግሩ ፍላንጁ (የአፉ ጠፍጣፋ ከንፈር) ከጀልባው ግድግዳ ጋር የተገናኘበት ቦታ ነው። በመጋጠሚያ ዙሪያ የጥላሸት ጭረት ወይም የደረቀ ጨው ካዩ ፍሳሹ የቆየ ነው።

ቱቦውን በእጅ ይጭመቁ። የተሰነጠቀ ወይም እንደ ስፖንጅ የላላ ይቀየራል። ውስጡንም በባትሪ ይዩ፤ የውስጠኛው ሽፋን ተላቆ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ውሃ ተቋርጦበት ሞተሩ የጋለ ጀልባ ከሆነ፣ ቱቦው ከውጭ ቢያምርም አይታመንም። ፋሸታውን ፈትተው ከብሎኑ ቤት ሥር ይመልከቱ፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ብሎኑን ማግኔት አጥብቆ ከሳበው ለጨው ውሃ የሚሆን አይደለም።

የናስ አፍ ሲፋቅ ሮዝ ከሆነ ዚንኩ ታጥቦ ወጥቷል፣ ይሰበራል። ከስቴንለስ ፍላንጅ ሥር ቡናማ ውሃ ከወረደ ብረቱ ከተደበቀበት በኩል እየተበላ ነው። ዙሪያውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉ፤ ጥርት ያለው ድምፅ በአንድ ቦታ ላይ ከታፈነ በፋይበርግላሱ መሃል ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል።

ማሸጊያውን ለመቀየር ጀልባው ከውሃ ይውጣ። ዳዶዎቹን ከፈቱ በኋላ አሮጌውን ማሸጊያ በቀጭን ቢላ ይቁረጡት እንጂ ፍላንጁን በካቻቢቴ አይፈንቅሉ፤ የውጭው ቀለም ይሰነጠቃል። እንጨቱ ከበሰበሰ ከቀዳዳው ጠርዝ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይጥረቡት፣ ያድርቁ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉ፣ ሲደርቅ እንደገና ይብሱ። ይህን መዝለል የሚያጓጓ ቢሆንም እርጥብ እንጨት ላይ የጠበቀ ብሎን ቀስ በቀስ ይላላል።

የሚገናኙትን ገጾች በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩና በአሴቶን ይጥረጉ። አልኮል አይጠቀሙ፣ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ማሸጊያ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። የብሎኖቹን ቀዳዳ አፍ ትንሽ ያስፉ፤ እዚያ የሚጠራቀመው ማሸጊያ በብሎኑ አንገት ላይ ቀለበት ይሠራል።

ከውሃው በላይም ሆነ በታች የባሕር ፖሊዩሬቴን ይሆናል። ወደፊት ሊፈታ የሚችለውን ዓይነት ይምረጡ፤ ለዘለቄታ የሚይዘው ክፍሉን ሲያነሱት ፋይበርግላሱን ይዞ ይነሳል። አፉ ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊሰልፋይድ የተባለው ማሸጊያ ይቅር፣ አንዳንድ ፕላስቲክ ያበላሻል። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ፍላንጁ ላይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የወፈረ ያልተቋረጠ መስመር ይሳሉ፣ እያንዳንዱንም ቀዳዳ ይክበቡ። በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ ማሸጊያው በዙሪያው ሁሉ ብቅ ሲል ያቁሙ። እስከ መጨረሻ ከጨመቁት ባዶ ብረት በፋይበርግላስ ላይ ይቀራል። የሚዞረው ዳዶው ብቻ ነው፤ የብሎኑ ራስ ከዞረ ቀለበቱ ይቀደዳል። ፕላስተሩን ሳይደርቅ ይላጡ። እንደ ዓይነቱ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ስለሆነ በደረቅ አየር ይዘገያል።

ቱቦው ለውሃ ጭስ ማውጫ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ የራዲያተር ጎማ አይተካውም። በሳሙና ውሃ አለስልሰው ያስገቡ፣ ውስጡ ማሸጊያ አይቀቡ። በየጫፉ ሁለት ፋሸታ፣ ብሎኖቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ሁለቱም ከሥራቸው ጠንካራ አንገት ያለበት ቦታ ላይ።

በመሬት ላይ በውሃ ጎማ የሚፈትሹ ከሆነ ውሃውን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይክፈቱ፣ ከመጥፋቱ በፊት ይዝጉ። ያለዚያ ውሃው ማርሚታውን ሞልቶ ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ሞተሩ ግሎ ከበረደ በኋላ ፋሸታዎቹን አንዴ ደግመው ያጥብቁ።